አድሚራሉ ከራስ አሉላ ደጅ፦ የ1884ቱ የዓድዋ ውልና ዕዳውን የከፈለው ወገን

ኤፕሪል 7 ቀን 1884 አንድ የእንግሊዝ አድሚራል ከምፅዋ ተነሥቶ በበቅሎ ወደ ደጋው መውጣት ጀመረ። (ቀኑንና ዓመቱን የማስቀምጠው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) አድሚራሉ ሰር ዊልያም ሂዌት ይባላል። በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር የሚንቀሳቀሱት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በሙሉ በእሱ ትእዛዝ ሥር ነበሩ። አሁን ግን መርከቦቹን ወደቡ ላይ ትቶ፣ ስንቁን አስጭኖ፣ የመረብ ምላሽ (ከመረብ ወንዝ ማዶ ያለው ደጋ) ገዢ ወደሆኑት ወደ ራስ አሉላ እንግዳ ሆኖ ሄደ። ከዚያም አልፎ ዓድዋ ድረስ ሄዶ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ውል ይፈርማል።

ይህ ጉብኝት በታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። «ሂዌት መጣ፣ ውል ተፈረመ፣ እንግሊዝ ከዳች» ይባልና ወደ ዶጋሊ ይኬዳል። እኔ ግን ቆም ብለን ልናየው ይገባል እላለሁ። ውሉ እንዳለ ሁሉ አልፈረሰም። አንዱ ወገን የገባውን ቃል በደም ጭምር ፈጽሟል። የፈጸመውም ሰው ራስ አሉላ ናቸው።

አድሚራሉን ተራራ ያስወጣው ምን ነበር? ነገሩ ከግብፅ ይጀምራል። የግብፅ ጦር በኖቬምበር 1875 ጉንደት ላይ፣ በማርች 1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ በአፄ ዮሐንስ ጦር ተደመሰሰ። እንዲህ ያለ ሽንፈት ደርሶበትም ግብፅ ምፅዋን አልለቀቀም። ከረንንና በዙሪያዋ ያለውን የቦጎስን አገርም እንደያዘ ቀረ። በሩ በጠላት እጅ ስለነበር ጠመንጃም ሆነ ሌላ ዕቃ እንደልብ አይገባም። ጳጳስ ለማስመጣትም ግብፅን ደጅ መጥናት ግድ ነበር። በ1879 እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን በከዲቩ፣ ማለትም በግብፅ ገዢ፣ ስም ሊደራደር መጣ። በጉራዕ ከራስ አሉላ ጋር ተገናኘ፣ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ንጉሠ ነገሥቱን አየ፤ ግን የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። ባዶ እጁን ተመለሰ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጦርነትም አይባል ሰላምም አይባል፣ እንዲሁ ተፋጠው ቆዩ።

ከዚያ ሱዳን ተነሣች። በግብፅ አገዛዝ ላይ የተነሣው የማህዲው ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴ በ1881 ተጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ አገሩን አዳረሰው። በኖቬምበር 1883 ሂክስ የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን የመራው ትልቅ የግብፅ ጦር ኮርዶፋን ውስጥ ሸይካን ላይ አለቀ። እንግሊዝ በ1882 ግብፅን ይዛ ስለነበር ጣጣው የእሷም ሆነ። ሱዳን ትለቀቅ ተባለ። ይሁንና በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ከሰላ፣ አሚዴብ፣ ሰንሂት፣ ገላባት የሚባሉ ቦታዎች ላይ የግብፅ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው ተከበው ነበር። በሱዳኑ ወደብ በሱዋኪን በኩል እንዳይወጡ የማህዲው የጦር አዛዥ የዑስማን ዲግና ሰዎች መንገዱን ዘግተውታል። ካርታውን ዘርግቶ ለሚያይ ሰው የቀረው አንድ መንገድ ነው፤ በኢትዮጵያ ምድር አልፎ ወደ ምፅዋ። የዚያ መንገድ ቁልፍ ደግሞ በራስ አሉላ እጅ ነበር።

ስምንት ዓመት ሲንቁት የቆዩትን ጎረቤት ለመለመን የመጡት እንዲህ ተጨንቀው ነው። ይህን ሳያስቡ ውሉን ማንበብ ያሳስታል። በዚያን ሰዓት የበላይ እጅ የነበራት ኢትዮጵያ ናት።

ልዑካኑ እነማን እንደነበሩ ማወቅም ይጠቅማል። ሂዌት በ20 ዓመቱ በክራይሚያ ጦርነት ሴባስቶፖል ላይ ባሳየው ጀግንነት የቪክቶሪያ መስቀል የተሸለመ መርከበኛ ነው። ወደ ምፅዋ ከመምጣቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት በሱዋኪን አካባቢ ከዑስማን ዲግና ሰዎች ጋር በተደረገው ውጊያ ውስጥ ነበር። በከዲቩ ስም የመጣው ሜሰን ቤይ ደግሞ አሜሪካዊ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡቦቹ ባሕር ኃይል ጋር አገልግሎ፣ ሲሸነፉ ለግብፅ መንግሥት ተቀጠረ። ያኔ የምፅዋ አስተዳዳሪ ነበር። ስለዚህ ተደራዳሪዎቹ ሁለቱም ከባሕር የመጡ ሰዎች ናቸው።

ሦስተኛው ሰው ለኢትዮጵያውያን አዲስ አልነበረም። ካፒቴን ስፒዲ ይባላል፤ የአገራችን ሰው «ባሻ ፈለቀ» ይለው ነበር። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የሚጎድለው፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን እዚሁ የኖረ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው ነው። ከመቅደላ በኋላ የልዑል ዓለማየሁ ሞግዚት የሆነውም እሱ ነው። ልዑሉ ከአምስት ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ሞቶ ነበር። ይህ ሰው አሁን በአስተርጓሚነትና በአማካሪነት ሲመለስ ብዙ ሰው ያንን ልጅ ሳያስብ የቀረ አይመስለኝም።

ራስ አሉላን በሚመለከት ማንም የሚያውቀውን ልደግም አልፈልግም። የተንቤን ገበሬ ልጅ ናቸው፣ መናወ የተወለዱ። ከመኳንንት ዘር ሳይሆኑ በችሎታቸውና በታማኝነታቸው ብቻ ራስ ተብለው ከጉራዕ ድል በኋላ በ1876 የመረብ ምላሽ ገዢ ሆኑ። ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገን ሌላ ነገር ነው። አሉላ ግብፆችን ከማንም በላይ በቅርብ ያውቁ ነበር። የአሉላ ወታደሮች በተደጋጋሚ ምፅዋ አፋፍ ድረስ ወርደዋል። የሚገዙት አገር ግብሩን የሚከፍለውም፣ በወረራ የሚጎዳውም በዚያው ድንበር ላይ ነው። ለንጉሠ ነገሥቱ የባሕር በር የመንግሥት ጉዳይ ነው። ለአሉላ ግን ዕለት ተዕለት የሚያዩት፣ ከአስመራ አፋፍ ወርደው የሚደርሱበት ነገር ነበር።

ከምፅዋ እስከ አስመራ ያለው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ ሰው ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ከምፅዋ ደሴት ተሻግሮ፣ ምንኩሉን አልፎ፣ የቆላውን ቃጠሎ ይዞ ወደ ተራራው እግር ይደርሳል። ከዚያ ያለው አቀበት ነው። በቅሎ እንኳ የምትቸገርበት ገደል አለ። እንግሊዝ ያኔ በዓለም ላይ ትልቁ የባሕር ኃይል ነበራት። የመርከብ መድፍ ግን ምፅዋ ላይ ይቀራል። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ከራስ አሉላ በጎ ፈቃድ በስተቀር የሚጠብቃቸው ነገር አልነበረም።

እነዚያ ሰዎች አስመራ የገቡት ገና መንደር ሳለች ነው። ራስ አሉላ ዋና መቀመጫቸውን ወደዚያ ያዛወሩትም በዚያው ሰሞን ነበር። አድሚራሉን ተቀበሉት፤ ወደ ዓድዋም እንዲያልፍ ፈቀዱለት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያን ጊዜ ሥርዓት የድንበር ገዢ እንግዳን ማሳለፍም ማስቆምም ይችላል። በጎርደን ጊዜ የሆነው ምን እንደነበር ሁለቱም ወገኖች ያስታውሱታል። የውጭ መልእክተኛ ንጉሠ ነገሥቱን ለማየት ቢመጣም መጀመሪያ የሚመዝነው የድንበሩ ሰው ነው። የለንደን ደብዳቤ የያዘ አድሚራልም ይሁን የባሕር ወሽመጥ ነጋዴ፣ በአሉላ በኩል ማለፉ አይቀርም።

ዓድዋ ሲደርሱ አፄ ዮሐንስ የሉም። ልዑካኑ አንድ ወር ገደማ ጠበቁ። ጃንሆይ የመጡት በሜይ መጨረሻ ነው። ጥበቃው ለሂዌት ምን ያህል ከባድ እንደነበር መገመት አያቅትም። በየቀኑ የተከበቡት ሰዎች ስንቅ እያለቀ ነው፤ ክረምቱም እየመጣ ነው። ለጃንሆይ ግን አንድ ወር ዘግይቶ መድረስ ምንም ኪሳራ አልነበረውም። እኔ በበኩሌ ይህን እንደ ስንፍና አላየውም። ችግር ያለበት ወገን ይጠብቅ ማለት የድርድር ስልት ነው፣ በየትኛውም አገር።

የሁለቱ ወገኖች ፍላጎት ግልጽ ነበር። ሂዌት የፈለገው የተከበቡት ሰዎች እንዲወጡ ነው፤ በተቻለ ፍጥነት። አፄ ዮሐንስ የፈለጉት የተወሰደባቸውን አገርና ምፅዋን ነው። ምፅዋን ሂዌት መስጠት አልቻለም። በሕግ የቱርክ ሱልጣን፣ በተግባር የግብፅ፣ በጥበቃ ደግሞ የእንግሊዝ ነበረች። ስለዚህ መካከለኛ መንገድ ተፈለገ። ወደቡ የኢትዮጵያ አይሆንም፤ ነገር ግን ዕቃዋ በነጻ ያልፋል።

ውሉ ጁን 3 ቀን 1884፣ በእኛ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተፈረመ። ፈራሚዎቹ አፄ ዮሐንስ፣ ሂዌትና ሜሰን ናቸው። ሰባት አንቀጽ ብቻ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ይነበባል። አንቀጽ አንድ፣ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ማንኛውም ዕቃ፣ ጠመንጃና ጥይት ጭምር፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በምፅዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ በነጻ እንዲገባና እንዲወጣ ይላል። አንቀጽ ሁለት፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1884 ጀምሮ የቦጎስ አገር ለንጉሠ ነገሥቱ ይመለስ ይላል። የግብፅ ወታደሮች ከሰላን፣ አሚዴብንና ሰንሂትን ሲለቁም በቦጎስ ያሉት የከዲቩ ሕንፃዎችና ቀሪው የጦር ዕቃ የንጉሠ ነገሥቱ ይሆናሉ። አንቀጽ ሦስት የኢትዮጵያን ግዴታ ይናገራል፦ የእነዚያ ምሽጎች ወታደሮች በኢትዮጵያ አልፈው ምፅዋ እንዲደርሱ መርዳት። ጳጳስ ለማስመጣት ከዲቩ እንዲተባበር፣ ወንጀለኛ እንዲመላለስ፣ ከከዲቩ ጋር የሚነሣ ክርክር ለንግሥት ቪክቶሪያ እንዲቀርብ የሚሉት ይከተላሉ። ባሪያ ንግድን የሚከለክል ሌላ ስምምነትም በዚያው ቀን ተፈርሟል።

አንቀጽ አንድን ደግማችሁ ተመልከቱት። «በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር» ይላል። ግብፅ ምፅዋን ከለቀቀች ግን ማን ይይዛታል የሚለው የለም። በዚያን ጊዜ ግብፅ ሱዳንን እየለቀቀች መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ምፅዋን ለዘላለም እንደማትይዝም መገመት ከባድ አልነበረም። ቀጥሎ የሚመጣው ወገን በዚህ ውል ይታሰራል የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ኖሮ ቢያንስ በወረቀት ላይ የሚያዝ ነገር ይኖር ነበር። ያ መስመር አልተጻፈም። የጉዳዩ ሁሉ ቀዳዳ እዚህ ነው።

አንዳንድ ሰው አፄ ዮሐንስን «የዋህ ነበሩ» ብሎ ይተቻል። እኔ አልስማማም። ጃንሆይ እንግሊዝን የሚያውቋት ከ1868 ነው። ያኔ ደጃዝማች ካሳ ተብለው ሳለ፣ አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር በዙላ ገብቶ በትግራይ አለፈ። ስንቅ ሰጡ፣ መንገድ አሳዩ። ናፒየርም እወጣለሁ እንዳለው ወጣ፤ ሲወጣም መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ለዙፋን ያበቃቸው ነገር አንዱ ይኸው መሣሪያ ነው። አንድ ጊዜ ቃሉን ጠብቆ ያዩትን መንግሥት ቃል ማመን የዋህነት አይባልም። ከዚያ በላይ ማስረጃ የነበረው ሰው በዚያን ጊዜ የለም።

ከፊርማው በኋላ ሥራው የወደቀው በራስ አሉላ ላይ ነው። በሴፕቴምበር 1884 ሰዎቻቸው ከረን ገቡ፤ ቦጎስ ያለ ውጊያ ተመለሰች። ይህ የውሉ እውነተኛ ፍሬ ነው፤ ማቃለል አይገባም። ከዚያ የተከበቡትን ማውጣት ተጀመረ። ማህዲስቶቹ በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያን ጠላት አድርገው እንደሚያዩ እየታወቀ ነው የተሠራው። የአሚዴብ ጦር ወጣ። ከገላባት የወጡት በኢትዮጵያ ደጋ አቋርጠው ምፅዋ ደረሱ። የጊራ ምሽግ ሰዎችም በ1885 እንዲሁ ዳኑ። ከእነዚህ መካከል ሴቶችና ሕፃናት ብዙ ነበሩ። ትናንት ጉንደትና ጉራዕ ላይ የወጋቸውን የግብፅ ጦር ሰዎች ዛሬ በራሳቸው አገር እያበሉ አሳለፏቸው። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ልብ የሚነካው ይህ ነው፤ ግን ሲነገር አይሰማም።

የቀረችው ከሰላ ነበረች። እዚያ የነበሩት ረጅም ጊዜ ተከበው በረሃብ ተቃጠሉ። አሉላ እስኪደርሱ ግን አልቆዩም፤ በጁላይ 1885 መጨረሻ ከተማዋ ወደቀች። ዘገየ ተብሎ አሉላ ይወቀሳሉ። ወቀሳው ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ጀርባቸው ላይ፣ ምፅዋ፣ አዲስ ጠላት፣ ጣሊያን፣ ተቀምጦ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሄዱ። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1885 ኩፊት ላይ ከዑስማን ዲግና ጦር ጋር ገጠሙና ድል አደረጉ። ድሉ ርካሽ አልነበረም። ከአሉላ ዋና ዋና የጦር አለቆች አንዱ የነበሩት ብላታ ገብሩ እዚያ ወደቁ። ከሰላ ከወደቀች በኋላ የተደረገ ውጊያ ስለሆነ ለእንግሊዝም ለግብፅም የጨመረው ነገር የለም። በማህዲስቶቹና በኢትዮጵያ መካከል ግን የማይታረቅ ደም ገባ።

ወደ ምፅዋ እንመለስ። ዲሴምበር 1884 ላይ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎርድ ግራንቪል ጣሊያን ምፅዋን ብትይዝ እንደማይቃወሙ ለጣሊያኑ አምባሳደር ነገሩት። የዓድዋው ውል ከተፈረመ ገና መንፈቅ ነው። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885 አድሚራል ካይሚ የሚመራው የጣሊያን የባሕር ኃይል ምፅዋ ደረሰ። ኮሎኔል ሳሌታ 800 ገደማ ወታደር አወረደ። የግብፁ ምክትል አስተዳዳሪ ተቃውሞውን አሰማ፤ የተኮሰ ግን የለም። በስምንት ወር ውስጥ አንዱ አድሚራል በፊርማ የሰጠውን ሌላው አድሚራል በመልህቅ ወሰደው።

ጣሊያኖቹም ጉብኝት መላክ አልረሱም። በዚያው ዓመት ካፒቴን ፌራሪና የባሕር ኃይሉ ሐኪም ኔራዚኒ ወደ ጃንሆይ ሄደው ሰላማዊ ነን፣ ንግዱም አይነካም አሉ። ብዙም ሳይቆይ ከምፅዋ ወደ ደጋው በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው ወደ ሰሓጢ መውጣት ጀመሩ፤ መሣሪያ እንዳያልፍም መንገዱን አጠበቡት። የአንቀጽ አንድ ነገር እዚያ ላይ አከተመ። ቀጥሎ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ በጃንዋሪ 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣሊያናዊውን መኮንን የደ ክሪስቶፎሪስን ጦር ደመሰሱ።

እንግሊዝ ያን ጊዜ ኢትዮጵያንና ጣሊያንን ለማስታረቅ ዲፕሎማቷን ጄራልድ ፖርታልን ላከች። በ1887 መጨረሻ አስመራ ላይ አሉላ ያዙት፣ አቆዩት። ጣሊያኖች ሰሓጢ የሚመጡት እኔ የሮማ ገዢ ሆኜ ስሄድ ነው ማለታቸውን ራሱ ፖርታል መዝግቦታል። አሸንጌ አካባቢ ያገኛቸው አፄ ዮሐንስ ደግሞ በንዴት ፋንታ ውሉን ነበር የጠቀሱለት። ግብፆች የለቀቁት አገር በአድሚራል ሂዌት ውል፣ በእናንተው አነሣሽነት ለእኔ ተሰጥቷል፤ አሁን መልሰህ ልቀቅ ልትለኝ መጣህ? አሉት። ፖርታል ለዚህ መልስ አልነበረውም። ሊኖረውም አይችልም።

ሂዌትን በግል መውቀስ ይከብደኛል። የተላከበትን ፈጸመ፣ በ1888 ሞተ። ያኔ የለንደን ሰዎች ምን እንደሚወስኑ እሱም አያውቅም ነበር። ወቀሳው የሚወድቀው አድሚራሉን ልከው ፊርማውን ከተቀበሉ በኋላ፣ የተከበቡት ሰዎች ገና መንገድ ላይ እያሉ ወደቡን ለሌላ በተዉት ላይ ነው። ከልዑካኑ ጋር የነበረ አውግስጦስ ዋይልድ የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴም የራሱን መንግሥት በዚህ ምክንያት ክህደት ፈጽሟል ብሎ በጠንካራ ቃል አውግዟል። በቦታው የነበረ የእነሱው ሰው እንዲህ ካለ፣ እኛ ለማለሳለስ የምንደክምበት ምክንያት አይታየኝም።

የዕዳው ክፍያ በዚህ አላበቃም። የማህዲው ጦር በጃንዋሪ 1888 ጎንደር ገብቶ ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። አፄ ዮሐንስ በማርች 1889 መተማ ላይ ወደቁ። ራስ አሉላ ንጉሠ ነገሥታቸውን አጥተው፣ መረብ ምላሽን ትተው ወደ ትግራይ ውስጥ ገቡ። ጣሊያኖች ክፍት ሆኖ የቆያቸውን አቀበት የወጡት ያን ጊዜ ነው። ከረንን ጁን 2 ቀን 1889 ያዙ፤ ቦጎስን የመለሰው ውል አምስት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው። አስመራ የገቡት ደግሞ ኦገስት 3 ነው።